ጋሽ ኡጁሉና የኋላው መስኮት

የጋሽ ኡጁሉን መሞት የነገረኝ ጋትሏክ ነው። ለሥራ ጉብኝት ጋምቤላ ወርጄ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዬን ይዤ ሙቀቱን እየረገምኩ ስቆም ሊቀበለኝ መጣ። ድሮ አብረን ስንሠራ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ክትባት ሰጪ ነበር፤ አሁን ሸብቶ መነጽር አድርጓል። እጄን ጨብጦ ሳይለቅ፣ "ሲስተር፣ ጋሽ ኡጁሉ ሞተ እኮ። አቦቦ ቀበርነው። አልሰማሽም?" አለኝ።

አልሰማሁም። ማን ይነግረኛል?

"ጀግና ሰው ነበር" አለ ጋትሏክ ራሱን እየነቀነቀ። "ለመንግሥት ፍሪጅ ብሎ እሳት ውስጥ የሚገባ ሰው አሁን የት ይገኛል?"

"አዎ" አልኩት።

ለምን "አዎ" እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም። ጋሽ ኡጁሉ ለፍሪጅ ብሎ እሳት ውስጥ እንዳልገባ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እሱ ሲሞት እኔ ብቻ ቀረሁ። "ለፍሪጅ ገባ" የሚለውን ወሬ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያሰፈርኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ሰውየውን እያመሰገንኩ ይሁን ራሴን እየከሰስኩ ለእኔም ግልጽ አይደለም። ብቻ እሱ የሚታወስበት ነገር ውሸት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጋምቤላ የሄድኩት ክልሉ ክልል በሆነ ሰሞን ነው፤ ገና "ክልል አሥራ ሁለት" እየተባለ የሚጠራበት ጊዜ። የሃያ አራት ዓመት ነርስ ነበርኩ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ እንደዚያ ያለ ሙቀት አይቼ የማላውቅ። ቢሮዎቹ ታፔላ እንጂ ዕቃ አልነበራቸውም። እኛ ቢሮ ስብሰባ ሲጠራ ሰው ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣል፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ወባ ከያዘው ደብዳቤ ሁሉ ይተኛል። የቢሮውን ስም መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ ብዙዎቹ ሰዎች በሕይወት አሉ።

ያ ቢሮ የነበረው አንድ የሚያኮራ ንብረት ካራቫን ነው። የውጭ አገር መንገድ ሠሪዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ትተውት የሄዱት፣ ጎማ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት። አልጋው ከግድግዳው ይዘረጋል፣ ጠረጴዛው ይታጠፋል፣ ምድጃው ከመሳቢያ ውስጥ ይወጣል። በአገራቸው ለሽርሽር ሲሄዱ የሚጎትቱት ነው ተባለ። ይህ ነገር ለሾፌራችን ለከድር ፈጽሞ አልገባ አለው። የጅማ ሰው ነው፣ ቀልደኛ። "ቤቱን ጎትቶ ከሄደ ምኑን ተሸራሸረው? እዚያው ቤቱ አይቀመጥም እንዴ!" ይል ነበር። እኛ ግን በበጋ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ በከድር መኪና እያስጎተትን በባሮ ዳር ያሉትን መንደሮች ለክትባት የምንዞርበት ቤታችን ሆነ።

ካራቫኑ ሲመጣ ጋሽ ኡጁሉም አብሮ መጣ። ንብረት ዝርዝሩ ላይ አልነበረም እንጂ የካራቫኑ አካል ነበር ማለት ይቻላል። አኙዋክ ነው፣ ያኔ ሃምሳውን ሳያልፍ አይቀርም፤ ቁመቱ ከካራቫኑ በር ስለሚበልጥ ሲገባም ሲወጣም እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ ይላል። በመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ውስጥ የእሳት ጠባቂ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። እኛ ጋ ሲቀጠር ጠባቂም፣ ወጥ ሠሪም፣ የጎማ ጠጋኝም ሆነ። እሱ ራሱን የሚያየው ግን እንደ እሳት ጠባቂ ብቻ ነበር። እሳት በሌለበት እሳት ጠባቂ መሆን ከባድ ነው፤ ሰው እብድ ይልሃል። እኛም አልነው።

ለጋሽ ኡጁሉ ሰው ሁሉ "አንተ" ነው። እኔም አንተ፣ የቢሮ ኃላፊውም አንተ፣ የኃላፊው ባለቤትም አንተ። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። "እርስዎ" እያልኩ ላስተምረው ብሞክር፣ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር ብሎ ያያል። ተሸነፍኩና እኔም "አንተ" አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ተግባባን።

እኔና እሱ መጀመሪያ የተነጋገርነው በመስኮት ጉዳይ ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው መድኃኒት እንዳይሰረቅ ብሎ በካራቫኑ መስኮቶች ሁሉ ላይ የብረት ፍርግርግ አስበየደ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ብመጣ ጋሽ ኡጁሉ የብረት መጋዝ ይዞ የኋላውን መስኮት ፍርግርግ ቆርጦ ጨርሷል። የንብረት ክፍሉ ሰው እየሮጠ መጣ።

"የመንግሥት ንብረት ነው ያበላሸኸው! በምን ሥልጣንህ ነው?"

ጋሽ ኡጁሉ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። "አንተ፣ ስማ። ሌባ ከውጭ ይመጣል። እሳት ከውስጥ ይመጣል። ሌባ መድኃኒት ይወስዳል። እሳት ይሄን ሲስተር ይወስዳል። አንተ የቱን ትፈልጋለህ?"

የንብረት ክፍሉ ሰው ለመምረጥ የተቸገረ ይመስል አንዴ መድኃኒቱን አንዴ እኔን አየ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር! በኋላ ለጋሽ ኡጁሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ማንበብ ስለማይችል እኔ አነበብኩለት፤ በጥሞና ሰምቶ፣ አጥፎ አጥፎ፣ መስኮቱ መንገድ ላይ እንዳይንኳኳ ጠርዙ ውስጥ ወተፈው።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። በየደረስንበት መንደር ካራቫኑ ከቆመና ጎማው ሥር ድንጋይ ከገባ በኋላ፣ ጋሽ ኡጁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ዛፍ መምረጥ ነው። ራቅ ያለ፣ ከየትም የሚታይ አንድ ዛፍ ይመርጥና ነጭ ፋሻ ያስርበታል። ፋሻው ከእኔ ሳጥን የሚወሰድ ነው፤ በዚህ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ከዚያ በር አጠገብ ሁለት ባልዲ ያስቀምጣል፣ አንዱ ውኃ አንዱ አሸዋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔን፣ ከድርንና ጋትሏክን ተራ በተራ አልጋው ላይ ያስተኛንና ዓይናችንን በጨርቅ ያስራል።

"እሳት!" ይላል። በታላቅ ድምፅ አይደለም፤ ሻይ ፈላ እንደሚል ሰው ነው የሚናገረው።

ከአልጋ መውረድ፣ መሬት ላይ መንበርከክ። "ጭስ ላይ ይሄዳል፣ አንተ ታች ሂድ።" በሩን በእጅ ጀርባ መንካት፤ ትኩስ ከሆነ መተው። "እጅህ መዳፉን አትስጥ፣ መዳፍ ነገ ይፈልጋል።" ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ኋላው መስኮት መሄድ፣ ገፍቶ መክፈት፣ መውጣት። ምንም ነገር አለመያዝ። ከዚያ ዛፉ ሥር መቆም። ሁላችንም ዛፉ ሥር ስንደርስ ደረቱን በእጁ ነክቶ "አንድ" ይላል፤ ከዚያ እኛን እየጠቆመ "ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።" አራት ሲል ፊቱ ይፈታል። ልምምዱ አለቀ ማለት ነው። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፦ የወጣ አይመለስም፤ የወጣ ዛፉ ሥር ይቆማል። ሁለተኛውን ሕግ ለምን እንደዚያ አጥብቆ እንደሚይዘው አይገባኝም ነበር። ወጥቼ ከዳንኩ ዛፍ ሥር ብቆም ባልቆም ምን ልዩነት አለው እል ነበር።

ሕፃናቱ ተሰብስበው ይስቁብናል። ከድርም ይስቃል፤ ሆዱ መስኮቱ ላይ ስለሚይዘው በየቀኑ ይሳደባል። አንድ ጊዜ የቢሮ ኃላፊው ሊጎበኘን መጥቶ ደክሞት አልጋው ላይ ጋደም ቢል፣ ጋሽ ኡጁሉ ጨርቁን ይዞ ገባ።

"አንተ ኃላፊ፣ እዚህ የተኛ ሰው ይለማመዳል።"

ኃላፊው ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። እንቢ የሚል መስሎኝ ሳፍር፣ ሰውየው ዓይኑን አሳስሮ፣ ተንበርክኮ፣ በመስኮቱ በጭንቅላቱ ወጣ። ኮቱ ተቀደደ። ዛፉ ሥር ቆሞ "አምስት" ተብሎ ሲቆጠር እንደ ልጅ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ኡጁሉን ከተማ ውስጥ ባገኘው ቁጥር ሰላምታው "ዛፉ የት ነው?" ሆነ።

"ለምንድነው እሳት እንዲህ የምትፈራው?" ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። መጀመሪያ የነገረኝ አንድ መሐንዲስ ከካራቫን ከወጣ በኋላ ለቦርሳው ተመልሶ ገብቶ እንደተቃጠለ ነው። ከወር በኋላ ስጠይቀው የተቃጠለው ወጥ ሠሪው፣ የራሱ ጓደኛ ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ፣ "ሰዎች ሁሉ ወጥቷል አሉ። እኔ አልቆጠርኩም። በሩን እኔ ዘጋሁ" አለኝ። የቱ እውነት እንደሆነ አላውቅም። ለከድር ብነግረው፣ "ሦስቱም ሊሆን ይችላል፣ ካምፑ ትልቅ ነበር" አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አይቀልድም።

አሁን በባሮ ዳር ወደ ማታር ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደ ሆነው ልምጣ። በዚያ በጋ በወንዙ ዳር መንደሮች ኩፍኝ ገብቷል ተብሎ ቶሎ እንድንደርስ ታዘዝን። ካራቫኑ ውስጥ በላምባ የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ አለ፤ ከሥሩ የላምባ ጋን፣ በጋኑ ላይ ሌት ተቀን የማይጠፋ ነበልባል። ጋሽ ኡጁሉ ፍሪጁ ውጭ በሸራ ሥር ይቀመጥ ብሎ ለምኗል። ቢሮው እንቢ አለ፤ እኔም እንቢ ካሉት አንዷ ነበርኩ። ፍሪጁም ክትባቱም በእኔ ፊርማ የወጣ ነው። ደግሞ ሥልጠና ላይ ስንቀመጥ ከሁሉ በላይ ጭንቅላታችን ውስጥ የገባው አንድ ነገር ነበር፦ ክትባት ፀሐይ አይምታው፣ ቅዝቃዜው አይቋረጥ፣ ቀልጦ የከረመ ክትባት ውኃ ነው። በሕልሜ ሁሉ በረዶ ሲቀልጥ አያለሁ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ከድርና ጋትሏክ መኪናውን ይዘው እናቶችን ለመጥራት ራቅ ወዳሉት ጎጆዎች ሄዱ። ካምፑ ላይ የቀረነው ሁለት ነን። ጋሽ ኡጁሉ ከበሩ በኩል ውጭ ጎማ ይጠግናል፤ እኔ ውስጥ ከፍሪጁ የኩፍኝ ብልቃጦችን እያወጣሁ በበረዶ የታጨቀው የክትባት ሳጥን ውስጥ እደረድራለሁ። ሳጥኑን ዘግቼ ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ነፋስ በበሩ ገብቶ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። ከፍሪጁ ሥር አንድ ነገር "ፉፍ" አለ። ዞር ስል ላምባው ወለሉ ላይ እየፈሰሰ፣ እሳቱ አብሮት እየሄደ ነው። በእኔና በበሩ መካከል ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ምንም አላሰብኩም። ጉልበቴ ራሱ ታጠፈ። እጄ የአልጋውን ጠርዝ አገኘ፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑን፣ ከዚያ መስኮቱን። ዓይኔ ጭስ ገብቶበት ተዘግቷል፤ ግን ጨለማው በጋሽ ኡጁሉ ጨርቅ ከታሰርኩበት ጊዜ አይበልጥም ነበር። ገፋሁት፣ ወጣሁ፣ ሣሩ ላይ ወደቅሁ። ሳጥኑ ትከሻዬ ላይ ነው። ሆን ብዬ ይዤው አልወጣሁም፤ ሆን ብዬም አልጣልኩትም።

የኋላው መስኮት ወደ ወንዙ ነው የሚያየው። ፋሻ የታሰረበት ዛፍ በወዲያኛው በኩል ነው፤ በጋ ስለሆነ ቅጠል የለውም፣ ጥላም የለውም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከፊቴ ደግሞ ወንዙ አለ፤ ዳርቻው ተሸርሽሮ ከሥሩ ጥላ አለ። እኔም ወደ ጥላው ወረድኩ። ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ውስጥ ሰው የለም። ሒሳቡ ቀላል ነበር። የሳትኩት፣ ይህን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ብቻ መሆኔን ነው።

ጥላው ሥር ቁጭ ብዬ ሳጥኑን ከፍቼ በረዶውን ዳሰስኩ። አልቀለጠም። ኩራት ተሰማኝ፤ ጋሽ ኡጁሉ ራሱ የሚያመሰግነኝ መሰለኝ። ከላይ "ሲስተር!" ሲል ሰማሁት። ደግሞ "ሲስተር!" "አለሁ" ያልኩ ይመስለኛል። እየሳልኩ ነበር፤ በአፌ ልበለው በልቤ አላውቅም። ይህን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንዳመላለስኩት! አንዳንድ ቀን ድምፄን እሰማዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አልሰማውም። ትንሽ ቆይቶ መጥራቱን አቆመ። ተረጋጋ ብዬ አሰብኩ።

ሣሩን ዞሬ ስወጣ የካራቫኑ ጣሪያ እየወደቀ ነው። ጋሽ ኡጁሉ ከበሩ ፊት ለፊት ሣር ላይ ተጋድሟል፤ እሳቱን አይተው የደረሱ የመንደሩ ሰዎች ከወንዝ ያመጡትን ውኃ ያፈሱበታል። ሁለት እጆቹ እስከ ክርን፣ ደረቱም ተቃጥለዋል። መዳፉ ከበሩ እጀታ ላይ ቆዳውን ትቶ ነበር፤ በእጅ ጀርባ መንካትን ያስተማረን ሰው! ራሱን ቀና አድርጎ አየኝ። ትከሻዬ ላይ ያለውን ሳጥን አየ። ያን እጁን ወደ ደረቱ አስጠግቶ "አንድ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዘርግቶ "ሁለት።" ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ ነው ዛፉ ለምን እንደሆነ የገባኝ።

ከድርና ጋትሏክ ጭሱን አይተው ደረሱ። ከድር ጉልበቱ ላይ ወድቆ ይጮሃል። "ምን ፈልገህ ገባህ? ጋሽ ኡጁሉ፣ ምን ረስተህ ነው የገባኸው?"

ጋሽ ኡጁሉ ዓይኑን ገልጦ እኔን አየ። እኔ መሬቱን አየሁ። ከድር የራሱን ጥያቄ ራሱ መለሰ፦ "ፍሪጁን ነው! ፍሪጁን ሊያወጣ ነው! ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ለቆርቆሮ!" ማንም "አይደለም" አላለም።

ጋትሏክ ሳጥኑን ይዞ ቀረና እናቶቹ ሲመጡ ብልቃጥ እስኪያልቅ ድረስ ከተበ። እኔ ከጋሽ ኡጁሉ ጋር መኪናው ላይ ወጣሁ። እስከ ጋምቤላ ያለውን አቧራ ሁሉ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ነጠላዬን በውኃ እያራስኩ ቁስሉ ላይ እየጣልኩ ሄድን። ልነግረው እልና መልሼ ነጠላዬን ውኃ ውስጥ እነክራለሁ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"በረዶው አልቀለጠም?"

"አልቀለጠም።"

"ጥሩ" አለ።

ይህ "ጥሩ" ምን ማለት እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይቅርታ ነው? ሽሙጥ ነው? ወይስ ሰውየው በእውነት ስለ በረዶው ተጨንቆ ነበር? ከእነዚያ ሕፃናት መካከል በዚያ ክትባት የዳነ አለ። ይህንን ሳስብ ደኅና ሠራሁ እላለሁ። የጋሽ ኡጁሉ ጣቶች ትዝ ሲሉኝ ደግሞ ሳጥኑን ወንዝ ውስጥ በወረወርኩት እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን እላለሁ።

ቢሮው ሪፖርት ጻፊ አለኝ። ሦስት ቀን ወረቀቱ ፊት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ የከድርን ቃል ወሰድኩ፦ "ጠባቂው የመንግሥትን ንብረት ለማዳን ሲሞክር።" ከአፌ የወጣ ውሸት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው የገለበጥኩት። እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። "ሲጠራሽ የት ነበርሽ?" የሚለውን ጥያቄ ፈርቼ።

ጋሽ ኡጁሉ ከሞት ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን ተጣብቀው ቀሩ። መጋዝ መያዝ፣ ጎማ መጠገን፣ ፋሻ ማሰር ቀረ። አቦቦ እህቱ ዘንድ ገባ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የእህቱ ባል አንድ ፖስታ አመጣ። ቢሮው የላከው የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙ ክብ፣ ሰማያዊ፣ አዲስ። የሚያነብላቸው አጥተው እኔን ይጠብቁ ነበር።

አነበብኩ። "...ለግል ሕይወቱ ሳይሳሳ የመንግሥትን ንብረት ለማዳን ወደ እሳት በመግባት ለመላው የጥበቃ ሠራተኛ አርአያ የሚሆን ተግባር..."

"ይሄን ድገም" አለ ጋሽ ኡጁሉ።

ደገምኩ።

"አንተ ሲስተር፣ ይሄን ማነው የጻፈ?"

"ቢሮው ነው።"

"ቢሮው ከማን ሰማ?"

ዶሮዎቹ ሲጭሩ ይሰማል። "ከእኔ" አልኩት።

"እኔ ለፍሪጅ አልገባሁም።"

"አውቃለሁ ጋሽ ኡጁሉ። ወንዙ ዳር ነበርኩ። ስትጠራኝ ሰምቼሃለሁ።" ይህን ስል አለቀስኩ፤ ያን ያህል ወር ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

"አውቃለሁ" አለ እሱም። "ሳጥኑን አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለከድር ለምን አልነገርከውም?"

"የአንተ ነገር ነው። አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።" ቁጣ የለበትም፤ የተናገረው ልምምድ ሲያስተምረን በነበረው በዚያው ድምፅ ነው። ከዚያ በተጣበቁት ጣቶቹ ደብዳቤውን ገፋ አደረገው። "አሁን ሌላ ጻፍ። 'ለሰው ገባ' በል። 'ሰው ጠፋበት' በል። ለዕቃ ገባ ካልክ፣ ነገ አንድ ጠባቂ ለዕቃ ይገባል። ኃላፊ ደስ ይለዋል፣ ጠባቂ ይሞታል።"

"እጽፋለሁ" አልኩት።

አልጻፍኩም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። ከዚያ ዝውውር ጠየቅሁ፣ ተፈቀደልኝ፣ ደገኛዋ ወደ ደጋዋ ተመለሰች። አቦቦ ዳግም አልሄድኩም። በምን ፊቴ? ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ነገሩ የቀለለ መሰለኝ፤ የቀለለው ግን ለእኔ ብቻ ነበር።

ጋትሏክ መርዶውን በነገረኝ ማግስት ወደ ድሮው ቢሮ ሄድኩ። ሕንፃው አዲስ ነው፣ ወንበር ሞልቷል። በሩ ላይ የጥበቃ ክፍል አለ፤ መታወቂያዬን ልሰጥ ጎንበስ ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አየሁ። የደብዳቤው ግልባጭ ነው፤ ወይቧል፣ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል፣ "አርአያ የሚሆን ተግባር" የሚለው ግን በደንብ ይነበባል።

ጠባቂው ከደጋ መጥተው አቦቦ ከሰፈሩት ወገን የሆነ ሙሉ ሰው ነው። ሳነብ አይቶ ፈገግ አለ። "ሁላችንም ስንቀጠር ይነበብልናል" አለኝ። "እኛም ብንሆን ወደ ኋላ አንልም። ከጓሮ መጋዘን አለ፤ እሳት ቢነሣ እንገባለን።"

እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ልገነጥለው ስል ጠባቂው ቶሎ ብሎ ያዘኝ፤ "አይነካም እማማ፣ የቢሮው ንብረት ነው።"

እስክሪብቶ አወጣሁ። አልከለከለኝም፤ የምፈርም መስሎት ይሆናል። ከማኅተሙ በታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጻፍኩ፦ "ጋሽ ኡጁሉ ለንብረት አልገባም። የገባው እኔን ሊያወጣ ነው። እኔ ግን ወጥቼ ነበር፤ ሲጠራኝ ሰምቼ አልታየሁለትም።" ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት።

ጠባቂው ጠጋ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ግንባሩ ተቋጠረ። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበና ዞሮ አየኝ።

"እርስዎ ውጭ ከነበሩ፣ ማንን ሊያወጣ ነው የገባው?"

"እኔን" አልኩት።